ይድረስ ቤቴን ላሰፋሽልኝ በርጩማዬ

ልደታ፣ አዲስ አበባ

  

ደብዳቤ የሚጻፈው ለራቀ ወዳጅ ነው። አንቺ ደግሞ ከመስኮቱ ሥር፣ ከሶፋው አጠገብ ነሽ። ጠዋት አንቺ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አስራለሁ፤ ማታ ስገባ ቦርሳዬን አንቺ ላይ አኖራለሁ። ምስጋናዬ የዘገየውም ከዚሁ ቅርበትሽ የተነሣ ይመስለኛል። ከውጭ አገር ዕቃ ለላከልን ደውለን እናመሰግናለን፤ በዓል ሲመጣ «እንኳን አደረሳችሁ» ላለን አጸፋውን እንመልሳለን፤ በየቀኑ ለሚሸከመን ግን ዝም እንላለን። እንዲህ ያለው ዝምታ ሲከርም ዕዳ ይሆናል። ስለዚህ ያለብኝን አንድ በአንድ ቆጥሬ ላመሰግንሽ ብዕር አንሥቻለሁ።

የመጀመሪያው ዕዳዬ የቦታ ነው። የኮንዶሚኒየም ቤት ስንት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። በ1990ዎቹ ማብቂያ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ሲታቀድ ስቱዲዮው እስከ 20 ካሬ ሜትር፣ ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለት መኝታው ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር ተብሎ ነበር የተመደበው። በዚህ ልክ ውስጥ አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ፍሪጁ፣ ሶፋው፣ ምጣዱና ሰው አብረው ያድራሉ። ዕቃው እየበዛ ሲሄድ የሚጠበው ሰው ነው። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ሲኒዎቻችን ከአልጋ ሥር በካርቶን ነበሩ፤ ጋቢው ከሶፋው ጀርባ ታጥፎ ይንጠለጠላል፤ የእድር ደብተሩ በተፈለገ ጊዜ ሁሉ ቤቱ ይታመሳል። አንቺ ከወለላችን 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወስደሽ በውስጥሽ 45 ሊትር ያህል ዕቃ ተቀበልሽ። ዛሬ ጀበናው ከነማቶቱ፣ ሲኒዎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው፣ የዕጣን ማጨሻው፣ ያ የታጠፈው ጋቢ፣ የእድር ደብተሩና የቤቱ ሰነዶች በላስቲክ ተጠቅልለው አንቺው ዘንድ ናቸው። ላይሽ መቀመጫ፣ ውስጥሽ ጓዳ ነው።

እናቶቻችን ይህን ብልሃት ከጥንት ያውቁት ነበር። የጭቃ መደቡ ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ ነው። ቁልፉ ከእናት መቀነት የማይለየው የእንጨት ሣጥንም የክት ልብስ ይይዛል፣ ገንዘብ ይይዛል፣ የክርስትና ነጠላ ይይዛል፤ ሰው ሲበዛ ደግሞ ክዳኑ ላይ ይቀመጡበታል። ቤታቸው ጠባብ ሆኖ ሳለ ሰርግና ተዝካር የሚያስተናግዱበት ምስጢር ይህ ነበር፤ አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ይሠራል። እኛ ወደ ፎቅ ስንወጣ መደቡም ሣጥኑም ከታች ቀሩ። አንቺ ሁለቱንም በአንድ አካል መለስሽልን። ቤት የሚሰፋው በግድግዳው ብቻ እንዳልሆነ፣ በሰው እጅም እንደሚሰፋ ያወቅሁት ባንቺ ነው።

ሁለተኛው ዕዳዬ ለአክስቴ ቡፌ ማረፊያ ስለሆንሽ ነው። አክስቴን እኛ ዘመዶቿ እታለም ነው የምንላት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የድሮው ልደታ ፈርሶ እንደገና ሲሠራ የእሷም የጭቃ ቤት አብሮ ፈረሰ። ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የምትሳሳለት ቡፌዋን ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ብርጭቆዎቿ፣ የሰርግ ፎቶዋና ከኢየሩሳሌም የመጣላት ሥዕል ተደርድረው፣ ቤቱ የገባ እንግዳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ኮንዶሚኒየም ሲደርሳት ቡፌው የደረጃውን መታጠፊያ አላልፍ አለ። በቁመት ተሞከረ፣ በወርድ ተሞከረ፣ አልሆነም። በመጨረሻ እዚያው ግቢ ውስጥ ተፈታ። መስታወቱን ሰው ወሰደው፤ የዋንዛ ጣውላዎቹን ግን እታለም ለማንም አልሰጥም ብላ በላስቲክ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር አስገባቻቸው። ብዙ ዘመን እዚያ ተኙ። አንቺን ለመሥራት ማሰቤን ስትሰማ ራሷ ጎትታ አወጣቻቸውና «እንግዲህ ሥራ ስጧቸው» አለች።

ስለዚህ ባንቺ በኩል ዋንዛንም አመሰግናለሁ። ነጭ አበባው ለንብ፣ ጣፋጭ ፍሬው ለእረኛ ልጅ፣ ጥላው ለቡና ተክል ነው። ግንዱ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ይሆናል፤ ሙቀጫ ይሆናል፤ ቀፎ ይሆናል፤ አልጋና ወንበር ይሆናል። መላጊያ ሲያርፍበት አይታገልም፤ ሲወለወል ከውስጡ ቀላ ያለ ቡናማ መልክ ይወጣል። ይህን ሁሉ በመሆኑ ብዙ ተቆረጠ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር አብሮ ከመንግሥት ደን ቆርጦ መጠቀምን የከለከለውም ለዚህ ነው። አንቺ የተሠራሽው ከዛሬ ብዙ ዘመን በፊት ከተቆረጠ ዛፍ ነው፤ አንድም አዲስ ግንድ አልወደቀብሽም። መላጊያው አሮጌውን ቫርኒሽ ሲገፍፈው ከሥሩ የወጣው እንጨት የትናንት ይመስል ነበር፤ ሽታውም አልጠፋም። እታለም ከተላገው ፍቅፋቂ አንድ እፍኝ አንሥታ አሸተተችና «እማዬ ቤት» አለች። ቡፌውን እናቷ እንዳሠራችላት ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ሦስተኛው ዕዳዬ የልክ ነው። ከምድር ቤት የሚኖሩት ጋሼ በወጣትነታቸው ተግባረ ዕድ እንጨት ሥራ የተማሩ ናቸው። መጋዛቸውን፣ መሮአቸውን፣ ስኳድራቸውን ይዘው መጡና ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወረቀት ላይ አሳሰሉኝ። ጎኖችሽ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው አራት ጣውላዎች ናቸው። ሁለቱ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለቱ 36 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አላቸው፤ አጭሮቹ በረጅሞቹ መካከል ሲገቡ ውጭሽ በአራቱም ወገን 40 ይሆናል። ቁመትሽ ከእግር እስከ ትራስ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ 3 ለእግሮችሽ፣ 36 ለጎኖችሽ፣ የቀረው ለክዳንሽና ለስፖንጅሽ። ወለልሽ የ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ነው። ይህን ሁሉ በሜትር ለክቼ በእርሳስ ካሰመርኩ በኋላ ጋሼ እያንዳንዱን መስመር እንደገና ለኩት። «እንጨት ችኮላ አይወድም» ይላሉ። የተቆረጠ አይቀጠልምና ልኬቱ ሁለት ጊዜ፣ መጋዙ አንድ ጊዜ ነው።

ከዚያ ቀን የማልረሳው ኮላ የተቀባሽበትን ሰዓት ነው። ሞርሳ አልነበረንም። ጋሼ ገመድ አስመጡና ወገብሽን ሁለት ዙር አስረው በገመዶቹ መካከል አጭር በትር አስገቡ፤ በትሩን ሲያዞሩት ገመዱ እየተጠመዘዘ እየጠበቀ ሄደ፤ ከየማዕዘኑ ነጭ ኮላ በቀጭኑ ብቅ አለ። ልጄ በእርጥብ ጨርቅ እየተከተለች ጠረገችው። ከዚያ ጋሼ ሲባጎ ወስደው ከአንዱ ማዕዘን ወደ ትይዩው በሰያፍ ለኩ፤ ቀጥለው ሌላውን ጥንድ ለኩ። ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ ሣጥኑ ቀጥ ያለ ነው፤ ካልሆኑ ወደ አንድ ወገን አጋድሏል ማለት ነው። 56 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ፣ በሁለቱም። ይህን ዘዴ ከዚያ ወዲህ በር ላይም፣ የሥዕል ፍሬም ላይም ተጠቅሜበታለሁ። በማግሥቱ ኮላው ሲደርቅ ቪሶቹ ከመግባታቸው በፊት ቦታቸው በቀጭን ድሪል ተበሳ፤ የጣውላ ጫፍ ሳይበሳ ቪስ ሲገፉበት በቁመቱ ይሰነጠቃልና። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ ሻካራው፣ ቀጥሎ ለስላሳው፤ ሁልጊዜ በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ። ጭረቱን አቋርጦ የተሳበ የብርጭቆ ወረቀት ቫርኒሽ ሲቀባ የሚወጣ ቧጨራ ይተዋል። አንቺን ስሠራ እጄ የማያውቃቸውን እነዚህን ነገሮች ሁሉ አወቀ፤ መምህርቴ ሆንሽ ማለት ነው።

አራተኛው ዕዳዬ ወደ መርካቶ ስለወሰድሽኝ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር ከልደታ ተነሥቶ በዳርማር፣ በአብነት፣ በሰባተኛ አልፎ አውቶቡስ ተራ መውረድ ነው። መርካቶን ለበዓል ሸመታ አውቀዋለሁ፤ ለእንጨት፣ ለስፖንጅና ለሚስማር ስገባበት ግን ሌላ ከተማ ሆነብኝ። ፍራሽ ተራ አንድ ነጋዴ ሁለት ስፖንጅ አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጡልኝ። ውፍረታቸው አንድ ነው፣ 5 ሴንቲ ሜትር፤ መልካቸውም አንድ ነው። «በመዳፍህ ተጫነው» አሉኝ። አንደኛው እስከ ጠረጴዛው ወረደ፤ ሁለተኛው መሐል ላይ ተቃወመኝና ስለቀው ወዲያው ተመለሰ። ርካሹን ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ስስ ስፖንጅ ጥቂት ወር ተቀምጠውበት እንደሚተኛና ሰውየው እንጨቱ ላይ እንደሚቀር አስረድተው ጠንካራውን ሰጡኝ። ስማቸውን አልጠየቅሁም። በቤቴ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የእሳቸውን ምክር ተቀምጦበታል።

ስፖንጅ ዛሬ ተራ ዕቃ ሆኗል፤ ታሪኩ ግን ረጅም አይደለም። የተሠራበትን ፖሊዩሬታን የሚባል ነገር እ.ኤ.አ. በ1937 በጀርመን ሌቨርኩሰን ያገኙት ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ ናቸው። ከዚያ በፊት መቀመጫ በብዛት የሚለሰልሰው በገለባ፣ በጥጥ፣ በፈረስ ጭራና በመሳሰሉት ነበር። አንድ የጀርመን ቤተ ሙከራ፣ አንድ የመርካቶ ነጋዴና አንድ የእታለም ቡፌ አንቺ ዘንድ ተገናኙ። አንዲት ትንሽ መቀመጫ ይህን ያህል ሰው እንደምታስተባብር በገዛ እጄ ባልሠራሽ ኖሮ አላውቅም ነበር።

አምስተኛው ዕዳዬ የማልበስ ሥራውን ስላሳየሽኝ ነው። ስለ እንጨቱ ጋሼን፣ ስለ ስፖንጁ ነጋዴውን ባመሰግን፣ ጨርቁ ግን የኔ፣ የልጄና ያንቺ የብቻችን ነው። የክዳንሽ ኮምፔርሳቶ 39 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ነው፤ የቀረው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ለጨርቁ ውፍረት የተተወ ነው። ስፖንጁ 5፣ እንጨቱ 1.2፣ ከሥር የሚታጠፈው 5 ሴንቲ ሜትር፣ ይህ በሁለት ወገን ሲደመር ጨርቁ 62 በ62 ሆኖ ተቆረጠ። መጀመሪያ አቡጀዲ አለበስኩሽ፤ እሱ ስፖንጁን ይዞ ቅርጹን ይጠብቃል፣ የላዩም ጨርቅ ሳይፈተግ ዕድሜው ይረዝማል። ከላይ ቡናማው የሶፋ ጨርቅ መጣ።

ዙሪያውን በተርታ ሚስማር መምታት እንደማይገባ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። መጀመሪያ የአንዱ ጎን መሐል አንዲት ትንሽ ሚስማር ትመታለች፤ ቀጥሎ የትይዩው ጎን መሐል፣ ጨርቁ በልኩ ተስቦ፤ ቀጥሎ የቀሩት ሁለት መሐሎች። ከዚያ ከየመሐሉ ወደ ማዕዘን፣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ። ጨርቁ ሲሳብ መስመሩ ቀጥ ማለቱን ከላይ ገልብጦ ማየት ነው። ማዕዘን የመጨረሻ ነው። እዚያ የሚተርፈው ጨርቅ ብዙ ነው፤ ያ ሁሉ ከታጠፈ ጉብ ይላል። መሐሉን ወደ ውስጥ ስቦ በአንድ ሚስማር መያዝ፣ የተረፈውን ከሥር በመቀስ መቀነስ፣ ግራና ቀኙን እንደ ነጠላ ጫፍ አጥፎ አንዱን በሌላው ላይ ማስተኛት ነው ብልሃቱ። ጣቴ የመጀመሪያውን እጥፋት ተጭኖ እንደያዘ፣ ልጄ ሚስማሩን አቁማ በመዶሻ ቀስ አድርጋ ስትመታው፣ ማዕዘኑ ጥብቅ ብሎ ሲተኛ ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው። የቀሩትን ሦስቱን እሷ አጠፈች፣ እኔ መታሁ። አባቷ የሠራው ዕቃ አላት ልል እችል ነበር፤ አሁን ግን ራሷ የሠራችው ዕቃ አላት። ይህን የሰጠሻት አንቺ ነሽ።

ስድስተኛውና ትልቁ ዕዳዬ የእንግዳ ነው። በአገራችን ሰው ሲገባ «ኖር» ብሎ መነሣት አለ፤ ገቢውም «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጣል። በጠባብ ቤት ግን የተነሣ ሰው መመለሻ የለውም። ሽማግሌ ሲገቡ ጎረምሳው ይነሣል፣ ጎረቤት ስትጨመር እናት ወደ ወጥ ቤት ትገባለች፣ ቀስ በቀስ የቤቱ ሰው በገዛ ቤቱ ቆሞ ያወራል። እንግዳም ይህን ያያል፤ አይቶም ቡናው ሳይቆላ «ልነሣ» ይላል። አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ይህ ቀረ። የሚነሣ ሁሉ የሚመለስበት ቦታ አገኘ። ቡና ሲፈላ ከውስጥሽ ጀበናና ሲኒ ይወጣል፣ ክዳንሽ ይመለሳል፣ ሰው ይቀመጥብሻል፤ አስተናጋጅም መቀመጫም ነሽ።

በተለይ ስለ እታለም ላመስግንሽ። ጉልበቷ ከደከመ ቆይቷል። የድሮው በርጩማ ዝቅ ያለ ነው፤ ለቡና አፍይ ይመቻል፣ እሳቱና ረከቦቱ ከፊቷ እኩል ናቸው። ጉልበት የሚያማት ሴት ግን አንዴ ከወረደች ለመነሣት ሁለት ሰው ትፈልጋለች። ሶፋው ደግሞ ይሰምጥባታል። ጋሼ ቁመትሽን 45 ሴንቲ ሜትር ያደረጉት እሷን አስበው ነው፤ ስትቀመጥ እግሮቿ መሬት ይረግጣሉ፣ ጉልበቷ ከወገቧ አይበልጥም፣ ስትነሣ መዳፏን ጠርዝሽ ላይ ተጭና ብቻዋን ትነሣለች። ሰው ብቻውን መነሣት ሲችል ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር አይቻለሁ። የተቀመጠችበትም የገዛ ቡፌዋ ነው። ድሮ እንግዳ የሚያየው፣ አሁን እሷን የሚሸከም።

ማጠፊያ ያልተሠራልሽ ለልጆች ተብሎ ነው። ክዳንሽ ተነሥቶ የሚቀመጥ ነው፤ ከሥሩ ያሉት አራት ቀጫጭን እንጨቶች ወደ ውስጥ ገብተው ስለሚይዙት ሲቀመጡበት አይንሸራተትም፣ በድንገት ወድቆም የልጅ ጣት አይቀጠቅጥም። በሁለት ጎኖችሽ የተፈለፈሉት የእጅ መያዣዎችም ለመንገድ ናቸው። ግንቦት ልደታ በደረሰ ጊዜ የብሎካችን ሰው ሁሉ ግቢ ወርዶ ንፍሮ ሲቀቅል፣ ዳቦ ሲቆርስ፣ ቡና ሲያፈላ አንቺም ትወርጃለሽ። ጎረቤት ሐዘን ሲደርሰው እድሩ ድንኳኑንና ወንበሩን ያመጣል፤ አንቺን ደግሞ ለአንዲት እናት፣ ለአንድ ሕመምተኛ ብለን ይዘንሽ እንሄዳለን። በደስታም በሐዘንም ያልቀረሽ ነሽ። ከኛ ቤት ወጥተሽ የብሎኩ ሆነሻል፤ «ያችን የነ እከሌን በርጩማ አምጧት» ሲሉ እሰማለሁ፣ ደስም ይለኛል።

ሰባተኛው ዕዳዬ ዘመዶችሽን ስላስተዋወቅሽኝ ነው። አንቺን ከሠራሁ በኋላ የጅማን በርጩማ በሌላ ዓይን አየሁት። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ፣ ያለ ሚስማር፣ ያለ ኮላ፣ መቀመጫው ለሰው አካል እንዲስማማ ጎድጎድ ብሎ የሚወጣ ሥራ ነው። ሦስት እግር ያለው ለምን እንደሆነ የገባኝም አሁን ነው። ሦስት እግር በማናቸውም መሬት ላይ ሦስቱም ይረግጣሉ፤ አራት እግር ባልተስተካከለ መሬት ላይ አንዱ ይንጠለጠላል። የጭቃ ወለል ላይ የሚኖር ሰው ሦስት እግር ያለውን መረጠ፤ ሴራሚክ ላይ የምንኖር እኛ በርጩማችን አራት እግር ቢኖረው አይጎዳንም። ትውልደ ኢትዮጵያዊው የቤት ዕቃ ነዳፊ ጆሞ ታሪኩም በአሜሪካ ሆኖ ከዚሁ ምንጭ ይቀዳል፤ ከደጋ አጋዘን መልክ «ኒያላ» የተባለውን ወንበር፣ ከቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ደግሞ ሌላ ወንበር አውጥቷል፤ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው «ብላክ ፓንተር፦ ዋካንዳ ፎርኤቨር» ፊልም ላይ ታይተዋል። አንቺ ፊልም ላይ አትወጪም። ቢሆንም ከአንድ ቤት ናችሁ፤ እናንተን የሠራ ሁሉ ሰው የት እንደሚያርፍ አስቦ እንጨት ያነሣ ነው።

ስምንተኛው ዕዳዬ ስለምትከፈቺ ነው። የተገዛ ሶፋ ውስጡ ምን እንዳለ አናውቅም፤ ሲጎብጥ እንጥለዋለን፣ ጨርቁ ሲያልቅ አልጋ ልብስ እንጥልበታለን። ያንቺን ግን እያንዳንዱን ቪስ አውቀዋለሁ። ስፖንጅሽ ሲደክም ሚስማሮቹን በፒንሳ ነቅሎ መቀየር ይቻላል፤ ጨርቅሽ ሲያረጅ ልኩ 62 በ62 ነው፤ ክረምት ሲገባ ዋንዛው እርጥበት ጠጥቶ ትንሽ ቢያብጥ፣ ጥቅምት ላይ እንደሚመለስ አውቃለሁና አልደነግጥም። ይህ እውቀት ወደ ሌላውም ዕቃ ተሻገረ። የሚንቀጠቀጠውን ጠረጴዛ፣ የማይዘጋውን የቁም ሣጥን በር፣ የልጄን የተሰበረ መደርደሪያ ገልብጬ ሳይ የሚታየኝ የተጣለ ዕቃ አይደለም፤ የላላ ቪስ፣ የደረቀ ኮላ፣ የጎደለ ሚስማር ነው። ቤቴን ከነዕቃው እንዳውቀውና እንድጠብቀው ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ።

ዕዳዬ በቃል ብቻ እንዳይቀር ያሰብኩትን ልንገርሽ። ከእታለም ጣውላዎች ሁለት ረጃጅሞች ተርፈዋል። ከሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን አንዲት እንዳንቺ ያለች ለቤታቸው ጠይቀዋል፤ ልጄም ጋሼ አጠገቧ ሆነው እሷ ራሷ ልትለካ፣ እሷ ራሷ ልትቆርጥ ተስማምታለች። የጎደለውን ጣውላ ከፈረሰ አልጋ ወይም ከተጣለ በር እንፈልጋለን። ያንቺም ክዳን ለሚቀጥለው ፋሲካ አዲስ ጨርቅ ይለብሳል፤ መልኩን እታለም ትመርጥልሻለች።

ውድ በርጩማዬ፣ የቤታችን ካሬ ሜትር ያው የድሮው ነው። ከመጣሽ ወዲህ ግን እዚህ ቤት ቦታ አጥቶ ቆሞ የሄደ እንግዳ የለም፤ ቡና ሳትጠጣ የተመለሰች ጎረቤት የለችም፤ እታለምም ስትመጣ የምትቀመጥበትን አትጠይቅም። ይህን ሁሉ ያደረግሽው አንቺ ነሽ። ጋሼን ጤና፣ የመርካቶውን ነጋዴ ገበያ፣ እታለምን ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ላንቺም ጠንካራ ወገብና ብዙ እንግዳ። 

አክባሪሽ፣
የቤትሽ ሰው